የዓይን ምስክር በሌለበት የቤት ውስጥ ግድያ፦ የአካባቢ ማስረጃ የሚያስፈርደው መቼ ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ታናሽ እህቴ ከባሏ ጋር በምትኖርበት አዲስ አበባ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም ቤት ተሰቅላ ተገኘች። ባሏ ‹ሌሊት ለሥራ ወጥቼ ጠዋት ስመለስ አገኘኋት› ይላል። ጎረቤት ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ጩኸት ሰምቷል፤ ያየ ግን የለም። ከዚህ በፊት እየደበደባት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ አስታርቋቸዋል። አስከሬኗ ተመርምሮ ቀብረናታል፤ ውጤቱ ገና አልደረሰም። መርማሪው ‹የዓይን ምስክር ከሌለ ይከብዳል› ብሎናል። በአካባቢ ማስረጃ ብቻ ማስፈረድ ይቻላል ወይ?»

ነፍስ ይማር፤ ፈጣሪ ያጽናችሁ።

ይቻላል። በሕጋችን ነፍስ ግድያ የሚረጋገጠው በዓይን ምስክር ብቻ ነው የሚል ድንጋጌ የለም። ፍርድ ቤቶቻችን ለረጅም ዓመታት ራሱን የቻለ የማስረጃ ሕግ ሳይኖራቸው የሠሩ ቢሆንም፣ የአካባቢ ማስረጃን፣ ማለትም ድርጊቱን ባያሳይም በዙሪያው ካሉ ፍሬ ነገሮች ወደ ድርጊቱ የሚያደርስ ማስረጃን፣ እየመዘኑ ጥፋተኛ ሲሉም በነፃ ሲያሰናብቱም ኖረዋል። በተለይ ባልና ሚስት በሚኖሩበት ቤት፣ በር ተዘግቶ፣ በሌሊት ለተፈጸመ ነገር የዓይን ምስክር አምጡ ማለት ሚስቱን ቤቱ ውስጥ የገደለ ሰው አይጠየቅም ከማለት አይለይም። መርማሪው «ይከብዳል» ያለው ግን ከእውነት የራቀ አይደለም። የሚከብደው በምን ምክንያት እንደሆነ ካወቃችሁ ምን ማቅረብ እንዳለባችሁም ታውቃላችሁ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እያንዳንዱ ድር በደንብ የተፈተለ ሲሆን ነው እንጂ። ቤተሰብም፣ አንዳንዴ መርማሪም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይደበድባት እንደነበር የሚናገሩ አሥር ምስክሮች ይቆጠራሉ፤ መዝገቡ ይወፍራል፤ ችሎት ሲደርስ ግን አሥሩም የሚያስረዱት አንድ ነገር ብቻ ሆኖ ይገኛል፦ ትዳሩ ክፉ ነበር። የተከሳሽ ጠበቃ ተነስቶ «ትዳሩ ክፉ ስለነበር ነው ራሷን ያጠፋችው» ሲል ያ ሁሉ ምስክር ወደ እሱ ወገን ይዞራል። የአካባቢ ማስረጃ የሚያስፈርደው በብዛቱ አይደለም። ከተከሳሹ ጥፋተኛነት ውጭ ያሉትን መግለጫዎች አንድ በአንድ ሲዘጋ ነው የሚያስፈርደው። በእናንተ ጉዳይ እነዚህ መግለጫዎች ሦስት ናቸው፦ ራሷን አጥፍታለች፤ ሌላ ሰው ገብቶ ገድሏታል፤ መታት እንጂ ሊገድላት አላሰበም። እያንዳንዱ ማስረጃ ከእነዚህ የትኛውን እንደሚዘጋ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። የትኛውንም የማይዘጋ ማስረጃ ጌጥ ነው።

የመጀመሪያው መግለጫ ሳይዘጋ ሲቀር ምን እንደሚከተል ለማየት በ1984 እ.ኤ.አ. የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው የሻራድ ቢርዲቻንድ ሳርዳ ጉዳይ ይጠቅማል። ሚስት በሲያናይድ ተመርዛ ሞታ ተገኘች፤ የሥር ፍርድ ቤትና ከፍተኛው ፍርድ ቤት ባልን ሞት ፈረዱበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ነፃ አወጣው፤ ሟች ለእህቷና ለጓደኛዋ የጻፈቻቸው የሐዘን ደብዳቤዎች ራሷን ልታጠፋ ትችል እንደነበር ጭምር ያሳዩ ነበር፤ መርዙ በባልየው እጅ እንደነበረም አልተረጋገጠም። ፍርዱ ያስቀመጠው መለኪያ ዛሬም በብዙ አገር ይጠቀሳል፦ እያንዳንዱ ፍሬ ነገር ራሱ ተረጋግጦ መቆም አለበት፤ ሁሉም አንድ ላይ ከጥፋተኛነት ጋር ብቻ የሚሄዱ መሆን አለባቸው፤ ሰንሰለቱም ክፍተት ሊኖረው አይገባም። የተከሳሽ የሐሰት መግለጫ ሰንሰለቱን ያጠብቃል፤ የጎደለ ቀለበት ግን አይተካም። የሕንድ ፍርድ ለእኛ አስገዳጅ አይደለም። ቢሆንም ዳኞቻችን «ከጥርጣሬ በላይ» ሲሉ የሚፈልጉት ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይደለም።

ስለዚህ መነሻው አስከሬኑ ነው። ሪፖርቱ ሲደርስ «የሞት ምክንያት፦ በአንገት መታነቅ» የሚለውን መስመር አንብባችሁ አትተዉት። መታነቅ ራስን መስቀልንም በሰው እጅ መታነቅንም ይሸፍናል። ልዩነቱ ያለው በዝርዝሩ ውስጥ ነው።

የተሰቀለ ሰው አንገት ላይ የሚቀረው የገመድ ሰንበር ብዙውን ጊዜ ከማንቁርት በላይ ሆኖ ወደ ቋጠሮው አቅጣጫ ሰያፍ ይወጣል፤ ቋጠሮው ጋ ሲደርስ ይደበዝዛል ወይም ይቋረጣል። በገመድ ታንቆ የተገደለ ሰው ሰንበር ግን ዝቅ ያለ፣ አግድም የሄደና አንገቱን ዙሪያውን የያዘ ይሆናል። ሁለት ሰንበር፣ አንዱ አግድም አንዱ ሰያፍ፣ ከተገኘ መጀመሪያ ታንቃ ኋላ ተሰቅላለች የሚለው ጥያቄ ይነሳል። በእጅ ሲታነቅ ደግሞ የጣት ጫና ያሳረፈው ክብ ክብ መጎዳትና የጥፍር ቡጨራ ይገኛል፤ በአንገት ጡንቻዎች ውስጥ ከቆዳ ላይ የማይታይ ደም ይቋጥራል። ሐኪሙ የአንገቱን ጡንቻ ንብርብር በንብርብር ካልከፈተ ይህ አይታይም፤ ስለዚህ ሪፖርቱ የአንገት የውስጥ ምርመራ መደረጉን ይግለጽ አይግለጽ እዩ። በዓይን ሽፋን ውስጥና በነጩ የዓይን ክፍል ላይ የሚታዩ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ የደም ነጥቦችም ይመዘገባሉ፤ ለብቻቸው ግን ነገሩን አይቆርጡትም።

ከሁሉ ይልቅ ቸል የሚባለው የደም መርጋት ነው። ሰው ሲሞት ደሙ በስበት ወደ ታችኛው የአካል ክፍል ወርዶ ቆዳውን ሐምራዊ ያደርገዋል። ይህ ቀለም ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ መታየት ይጀምራል፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ገደማ ሲሆነው ደግሞ አስከሬኑ ቢገለበጥም ቦታውን አይለቅም። ተሰቅሎ የቆየ ሰው ሐምራዊው ቀለም በእግሮቹ፣ በእጆቹና በክንዶቹ ታችኛ ክፍል ላይ ይሆናል። በእህትዎ ጀርባና መቀመጫ ላይ የረጋ ቀለም ተመዝግቦ ከሆነ፣ ከሞተች በኋላ ለሰዓታት በጀርባዋ ተኝታ ነበር ማለት ነው። የሞተ ሰው ደግሞ ራሱን አይሰቅልም። ታዲያ ቀለሙን ከማየት በፊት ጥያቄ አለ፤ ጎረቤት አውርዶ አልጋ ላይ ካስተኛት፣ በስንት ሰዓት እንዳወረዳትና ሐኪሙ እስኪያያት ምን ያህል እንደተኛች በምስክር ቃል መመዝገብ አለበት። ያ ካልተያዘ ይህ ጠንካራ ማስረጃ በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈርሳል።

ከቤተሰብ ዘወትር የሚመጡ፣ ነገር ግን የማያዋጡ ሁለት ክርክሮች አሉ። አንደኛው «እግሯ መሬት ነክቶ ነበር፤ ስለዚህ ተገድላ ነው» የሚለው ነው። ሰው እግሩ መሬት ነክቶ፣ ተንበርክኮ እንኳ፣ ተሰቅሎ ሊሞት ይችላል፤ የአንገት ደም ሥሮችን ለመዝጋት የሙሉ ሰውነት ክብደት አያስፈልግም። ሁለተኛው ከምላስ ሥር ስላለችው ቀጭን አጥንት ነው። መሰበሯ በእጅ መታነቅን ሊያመለክት ይችላል፤ ሰው ሲሰቀልም ልትሰበር ትችላለች፤ በወጣት ሰው ደግሞ በእጅ ታንቆም ሳትሰበር ልትቀር ትችላለች። በዚህች አጥንት ላይ ብቻ የተመሠረተ ክስ አትመኑ።

ቦታው ራሱ ይናገራል፤ የቦታ ምርመራው በደንብ ከተሠራ። ገመዱ የታሰረበት ብረት ከወለሉ ያለው ከፍታ፣ የገመዱ ርዝመት፣ የሟች ቁመት፣ ቆማበታለች የተባለው ወንበር ከፍታ በሜትር መለካት አለባቸው። አራቱ ቁጥሮች ሲነጻጸሩ ራሷ ልታስረው የማትችለው ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የመጋረጃ ዘንግ ከሆነ ክብደቷን ይሸከማል ወይ? ወንበሩ ላይ የእግር አሻራ አለ ወይ? በብረቱ ላይ ያለው አቧራ የተፋቀው የት ነው? ገመዱ ቋጠሮው ሳይፈታ፣ ከቋጠሮው ርቆ ተቆርጦ መያዝ ነበረበት፤ የቋጠሮው አይነት አስሪው ማን እንደሆነ ሊጠቁም ይችላልና። የጥፍሯ ቁራጭ በወረቀት ፖስታ ተወስዶ ከሆነ ከጥፍሯ ሥር የተገኘ የሌላ ሰው ቆዳ ወይም ደም በዘረመል ምርመራ ይታያል። በላስቲክ ከታሸገ እርጥበቱ ያበላሸዋል። በባልየው ፊት፣ አንገት ወይም ክንድ ላይ ቡጨራ ካለ በቶሎ በሐኪም መመዝገብ አለበት፤ በሳምንት ውስጥ ይጠፋልና።

የእኛ ባህል ማስረጃ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳትም በግልጽ መናገር ይገባል። ቀብር በማግስቱ ወይም በዕለቱ ነው። አስከሬን ታጥቦ ይገነዛል፤ ልብሷ ይቃጠላል ወይም ለነዳያን ይሰጣል፤ ለቅሶ ደራሽ ሲጎርፍ ቤቱ ይጠረጋል። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ሟችን የሚያከብሩ ናቸው፤ የሚጠፋው ግን ማስረጃ ነው። ልብሷ እስካሁን ከተረፈ አትጠቡት፤ እያንዳንዱን ለየብቻ በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ለመርማሪው በፊርማ አስረክቡ። ምርመራው የአንገቷን ውስጥ ያላየ ሆኖ ከተገኘ አስከሬኑ ተቆፍሮ ዳግም እንዲመረመር ዐቃቤ ሕግ በፍርድ ቤት በኩል ሊጠይቅ ይችላል። ቢዘገይም የአጥንትና የጥልቅ ጡንቻ ጉዳት ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል።

ሁለተኛው መግለጫ፣ ሌላ ሰው ነው የሚለው፣ የሚዘጋው በሰዓትና በቁልፍ ነው። የቤቱ ቁልፍ ስንት ነው፤ በማን እጅ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ከውስጥ ተቆልፎ ነበር ወይስ ከውጭ? የግቢው ጥበቃ ማን ሲገባ ማን ሲወጣ አየ? ባል «ሌሊት ወጣሁ» ካለ በምን ትራንስፖርት፣ ከማን ጋር፣ ሥራ ቦታ የገባበት መዝገብ ምን ይላል?

ሰዓት ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ መዝገብ በዚህ ተሰናክሏል። ጎረቤቱ «ከምሽቱ 4 ሰዓት» ሲል በስልክ ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው 22:00 ነው። የካሜራ መቅጃ ሰዓት ደግሞ ባለቤቱ ሳያስተካክለው ለወራት በ20 ወይም 40 ደቂቃ ተዛብቶ ሊሄድ ይችላል። የጤና ጣቢያ ካርድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የስልክ መረጃ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሆናል። መርማሪው የሁሉንም ሰዓት በአንድ ሠንጠረዥ፣ በአንድ አቆጣጠር አስቀምጦ ካሜራውን ሲወስድ የሚያሳየውን ሰዓት ከትክክለኛው ጋር አስተያይቶ በቃለ ጉባኤ ካልመዘገበ፣ ጠበቃው ሰዓታቸው እርስ በርሱ የማይገጥም ማስረጃዎች ይዞ ይነሳል። የሞት ሰዓትን በተመለከተ ደግሞ ሐኪም የሚሰጠው ክልል ነው። የአስከሬን መድረቅ በጥቂት ሰዓት ይጀምራል፤ በ12 ሰዓት ገደማ ይሞላል፤ እንደ አየሩ ሙቀትና እንደ ልብሱ ሊፈጥን ወይም ሊዘገይ ይችላል። «ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ባለው» የሚል ግምትና የ4 ሰዓቱ ጩኸት፣ ባልየው በዚያ ሰዓት ቤት መሆኑን ከሚያሳይ ማስረጃ ጋር ሲገናኙ ነው ክብደት የሚኖራቸው።

የስልክ ጥሪ ዝርዝር በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከኢትዮ ቴሌኮም ወይም ከሳፋሪኮም ይመጣል። ስልኩ የተገናኘበት አንቴና ሰፈሩን እንጂ ክፍሉን አያሳይም፤ «ደብረ ብርሃን ነበርኩ» የሚልን ሰው ቃል ግን በደንብ ያፈርሳል። የካሜራ ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ራሱን እየደመሰሰ ይቀዳል፤ ሱቁንም ሆቴሉንም ዛሬውኑ ለመርማሪው ጠቁሙ። ቴሌግራም ላይ የተላከ መልእክት ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ለሁለቱም ሊያጠፋው ይችላል። የእህትዎ ስልክ በባልየው እጅ ከሆነ ለእናንተ የላከችላችሁ ድምፅና ጽሑፍ ከእናንተም ስልክ ሊጠፋ ይችላል። አሁኑኑ ቀንና ስሙ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪን ሾት አንሱ፤ የድምፅ መልእክቱን ወደ ስልኩ አውርዱ፤ ስልኩንም ለምርመራ አቅርቡ። የእህትዎ ስልክ በእጃችሁ ካለ የይለፍ ቁጥር እየገመታችሁ አትሞክሩ፤ ከኔትወርክ አውጥታችሁ ለመርማሪው ስጡ።

አሁን ወደ ቀድሞው ድብደባ እንመለስ። ሚናው ጠባብ ቢሆንም ትልቅ ነው። የተከሳሽ የቀድሞ ጥፋት ጥፋተኛ ከመባሉ በፊት ለፍርድ ቤት እንዳይገለጽ ሕጉ ይከለክላል፤ ስለዚህ «ባሕርዩ ክፉ ነው» ለማለት ሳይሆን በእሱና በእሷ መካከል የነበረውን ግንኙነት፣ መነሻውንና አኳኋኑን ለማሳየት ነው መቅረብ ያለበት። ሽማግሌዎቹ ምን ነበር የተባሉት? «ትደባደባላችሁ ታረቁ» ያለ ሽማግሌ ብዙ አይጠቅምም። «በመጋቢት አንገቷን አንቆ ነበር፤ ሰንበሩን አይተናል፤ እሱም አምኖ ይቅርታ ጠይቋል» የሚል ሽማግሌ ግን ከሞቷ አኳኋን ጋር የሚገጥም ነገር ይዟል። የእርቁ ጽሑፍ ካለ ይቅረብ። የጤና ጣቢያ ካርድ፣ በወረዳ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ያመለከተችው፣ ለፍቺ የከፈተችው መዝገብ ካለ ሁሉም በቀናቸው ቅደም ተከተል ይግቡ። ለመለየት በተዘጋጀችበት ሰሞን ከሞተች ያ ሰሞን ራሱ ዋጋ አለው። ነገ ልጇን ትምህርት ቤት ልታስመዘግብ ቀጠሮ የያዘች፣ ለዕቁብ የከፈለች፣ ልብስ ሰፊ ጋ የሰጠች መሆኗን የሚያሳዩ ትንንሽ ነገሮችም ራሷን አጥፍታለች የሚለውን ያዳክማሉ፤ ብቻቸውን ግን አይዘጉትም።

በቤቱ ሕፃን ከነበረ ዘመድ ሁሉ እየተቀባበለ አይጠይቀው። በተደጋጋሚ የተጠየቀ ሕፃን የሰማውንና ያየውን ያደባልቃል፤ ጠበቃውም «አስተምረውት ነው» ይላል። ባለሙያ አንድ ጊዜ ያናግረው፤ ቃሉ ሲሰማም ለሕፃናት ተስማሚ በሆነው አሠራር፣ ተከሳሹን ሳያይ በተለየ ክፍል ይሁን።

የባልየው የመጀመሪያ ቃል ከብዙ ምስክር ይበልጣል። ለፖሊስ መልስ አለመስጠት መብቱ ነው፤ በግዴታ የተገኘ ቃልም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ «ማመኑ» ላይ የተንጠለጠለ ምርመራ አደገኛ ነው። በፈቃዱ የተናገረው ግን በዝርዝር ይያዝ፦ ስንት ሰዓት ወጣ፣ በሩን ማን ቆለፈ፣ ሲያገኛት ምን ነካ፣ መጀመሪያ ለማን ደወለ። አምቡላንስ ወይም ጎረቤት ከመጥራቱ በፊት ለ40 ደቂቃ ከወንድሙ ጋር በስልክ ሲነጋገር ከነበረ የጥሪ ዝርዝሩ ያወጣዋል። «አላለቀሰም» የሚለውን ምስክርነት ግን ተዉት፤ ሰው ሐዘኑን የሚገልጸው በየራሱ መንገድ ነው፤ ፍርድ ቤትም አይመዝነውም፤ መመዘንም የለበትም።

የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ንፁሕ ሆኖ እንዲገመት አዟል። ባል ቤት ስለነበረ ብቻ «አስረዳ» ሊባል አይችልም። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 መሠረት የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ካላስረዳ ተከሳሹ መከላከያ ሳያቀርብ ይሰናበታል። ሞቱ ግድያ መሆኑና በዚያ ሰዓት ከእሷ ጋር የነበረው እሱ ብቻ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን በአንቀጽ 142 ይከላከል ይባላል። ከዚያ ወዲያ በእሱ ብቻ የሚታወቀውን ነገር በአጥጋቢ ሁኔታ አለማስረዳቱ ይከብድበታል። በ2006 እ.ኤ.አ. የተወሰነው የሕንዱ የትሪሙክ ማሮቲ ኪርካን ጉዳይ እንዲህ ነበር። የባል ወገን «እባብ ነደፋት» አሉ፤ የአስከሬን ምርመራው አንገቷ መታነቁን አሳየ፤ ሐሰቱ ከሌላው ማስረጃ ጋር ተደምሮ ጥፋተኛ አስባለው።

ሦስተኛው መግለጫ፣ ሊገድላት አላሰበም የሚለው፣ የክሱን አንቀጽ ይወስናል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። 541 ቅጣቱን የሚያቀልል ሁኔታ ያለበት ግድያ ሲሆን እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው። 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። 539 ደግሞ ከባድ የሰው ግድያ ነው፤ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። በእጅ ወይም በገመድ መታነቅ በሆነበት ሁኔታ ሐኪሙ አንድ ነገር ይጠየቅ፦ የአንገት ደም ሥር ሲዘጋ ሰው በሰከንዶች ራሱን ይስታል፤ ለመሞት ግን ደቂቃዎች ያስፈልጋሉ። ራሷን ከሳተች በኋላም አንገቷን መጫኑን መቀጠሉ ሐሳቡን ያሳያል። በ539 ለመክሰስ አስቀድሞ ማሰብን ወይም የተለየ ጨካኝነትን የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋል፤ ገድሎ ማስመሰሉ ድርጊቱን ለመሸፈን እንጂ አስቀድሞ ለማቀዱ በራሱ ማስረጃ አይሆንም። በ539 ተከሶ ካልተሟላ ፍርድ ቤቱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 113 መሠረት ዝቅ ባለው አንቀጽ ጥፋተኛ ሊለው ይችላል።

ዐቃቤ ሕግ «በቂ ማስረጃ የለም» ብሎ መዝገቡን ቢዘጋ ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቁና ለበላይ ዐቃቤ ሕግ ቅሬታ አቅርቡ። በቅሬታችሁ ላይ «ፍትሕ ይሰጠን» ብላችሁ አታቁሙ፤ የትኛው መግለጫ ገና እንዳልተዘጋና የትኛው ያልተሰበሰበ ማስረጃ እንደሚዘጋው ጻፉ፦ የአንገቱ የውስጥ ምርመራ፣ የጥፍር ናሙናው፣ የጥሪ ዝርዝሩ፣ ያልተጠየቀው ጥበቃ። በማስረጃ እጥረት የተዘጋ መዝገብ ነፃ የመውጣት ፍርድ አይደለም፤ አዲስ ማስረጃ ሲገኝ ይከፈታል። የክስ ማቅረቢያ ጊዜውም በአንቀጽ 540 ለሚያስቀጣ 20 ዓመት፣ በ539 ለሚያስቀጣ 25 ዓመት ነው።